የአርሊስ ትራስ

እኛ አገር፣ አላባማ ገጠር፣ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚፈተሸው ትራሱ ነው። እትዬ ቴኒ፣ የሰፈሩን ሬሳ ሁሉ አጥበው የሚገንዙት አሮጊት፣ ሥራቸውን ሲጨርሱ የሟቹን ትራስ ይተረትሩና እጃቸውን ላባው ውስጥ ይከታሉ። የደግ ሰው ትራስ ከሆነ፣ ላባዎቹ ማንም ሳይነካቸው እርስ በርስ ተጠምጥመው ክብ አክሊል ሠርተው ይገኛሉ። ሰውየው ገነት ገብቷል ማለት ነው። የአያቴ አክሊል እስከ ዛሬ ሳሎናችን ውስጥ በብርጭቆ ተከድኖ አለ። የአጎቴ የሌቪ ግን ቢፈለግ ቢፈለግ ጠፋ፤ እሱን ያወቀ ሰው ሁሉ አልገረመውም።

በሕይወት ያለ ሰው ትራስ ግን፣ ባለቤቱ ራሱ ካልሆነ በቀር፣ አይከፈትም። አክሊሉ መጠምጠም የሚጀምረው ሞት ሲቀርብ ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ሲገጥሙ ነፍስ ትወጣለች። ጫፎቹ ሳይገጥሙ ደርሶ የበተነው ሰውየውን ያድነዋል ይባላል። የሞተ ሰው አክሊል የበተነ ደግሞ ሟቹን ከገነት ደጃፍ እንደመለሰው ይቆጠራል። እኔ በዚህ አምናለሁ አልልም። አላምንም ለማለትም ወኔው የለኝም።

ወንድሜ አርሊስ ወደ ጦርነቱ የሄደው የአላባማ ጥጥ ተለቅሞ ሳያልቅ ነው። በሄደበት ጠዋት የገዛ ትራሱን ጥግ በሰንጢው ተረተረና አንድ እፍኝ የዝይ ላባ አወጣ። እማዬ ላባውን ከዱቄት ከረጢት ከተሰፋው ቀሚሴ በተረፈ አበባማ ጨርቅ ውስጥ ከትታ ትንሽ ትራስ አድርጋ ሰፋችለት። የትልቁንም ጥግ መልሳ ጠቀመችው፤ አልጋው ላይ አስቀመጠችና ማንም እንዳይተኛበት አለችን።

እማዬ ማንበብ አትችልም። አባዬ ይችላል፣ ግን እንደ አሮጌ በቅሎ በየመስመሩ እየቆመ ስለሆነ ደብዳቤዎቹን የማነበው እኔ ነበርኩ። አርሊስ ጀርመኖችን እየወጋ ጣሊያን አገር ተራራ ላይ ነው ያለው፤ የተራራውን ስም ሳንሱሩ በመቀስ ቆርጦ አውጥቶታል። ጓደኞቹ በአበባማዋ ትራስ ምክንያት ሙሽሪት ብለው ይጠሩታል። በተለይ አንድ የኦሃዮ ልጅ መከራውን ያበላዋል፤ ዝናብ የጣለ ሌሊት ግን፣ «ሙሽሪት፣ እስቲ አንዴ ጭንቅላቴን ላሳርፍባት» ብሎ የለመነው ይኸው ልጅ ነው። እማዬ ይህን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ።

በጥር ፖስተኛው ቴሌግራም አመጣ። አርሊስ በውጊያ ላይ ሳለ የገባበት አልታወቀም ይላል። ሞተ አይልም፣ አለም አይልም። አባዬ ወረቀቱን አጣጥፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ከተተው፤ ከዚያ ውጭ ወጥቶ የማያስፈልገንን እንጨት ሲፈልጥ ዋለ።

ክፉው ነገር ከቴሌግራሙ በኋላም ደብዳቤ መምጣቱ ነው። ቀድሞ የጻፋቸው መንገድ ላይ ቆይተው አንድ በአንድ ይደርሱ ጀመር። ፖስታ በመጣ ቁጥር እማዬ በሩ ላይ ቆማ፣ «ይኸው ጻፈ» ትላለች። አርሊስ በጦሩ ሾርባ የቀለደበትን ደብዳቤ አባዬ አንስቶ፣ የተጻፈበትን ቀን እያሳየ ሊያስረዳት ሞከረ።

«የሞተ ሰው በሾርባ አይቀልድም» አለችው።

እኔ እነዚያን ደብዳቤዎች ጮክ ብዬ ማንበብ እየፈራሁ መጣሁ። ድምፁ በእኔ አፍ ይወጣል፤ አንብቤ ስጨርስ የት እንደሚሄድ አላውቅም።

አባዬ ቁርጡን ማወቅ ፈለገ። ፓስተሩ ጸሎት ያድርሱለት፣ ስሙ ድንጋይ ላይ ይጻፍለት አለ። እትዬ ቴኒም ትራሱ ይከፈትና ይለይለት ብለው መከሩ። እማዬ የአርሊስን ክፍል ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ልጄ እያለ ትራሱን የሚነካ ከዚህ ቤት ይወጣል አለች፤ አባዬንም ጭምር ማለቷ ነበር።

ከዚያ የመጨረሻው ደብዳቤ መጣ። እትዬ ቴኒም እንቁላል ሊወስዱ መጥተው ወጥ ቤት ተቀምጠው ነበር፤ በሁሉም ፊት አነበብኩት። ስለ ብርዱ ይላል፣ ስለ ካልሲ ይላል፣ ከዚያ እንዲህ ይላል፦

«እማዬ፣ ትንሿ ትራስ ውስጥ አንድ ጠጣር ነገር ወጥቷል። ስትሰፊ የልብስ ቁልፍ ጥለሽበት ይሆናል። ማታ ማታ በአውራ ጣቴ ደምጥጬ አስተኛዋለሁ፣ ጠዋት ተመልሶ አገኘዋለሁ። ምንም አይደል፣ እየለመድኩት ነው።»

አርሊስ የእኛ አገር ልጅ ነው። ቁልፍ ይበል እንጂ ቁልፍ እንዳልሆነ ያውቃል።

እማዬ ተነሳችና ክፍሉን ከፈተች። ትራሱን ታቅፋ መጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፣ መቀስ አነሳች። አባዬ እጇን ያዘ።

«ቬስታ፣ ልጁ ሞቶ ከሆነ ያ አክሊሉ ነው። ከበተንሽው ምን ይዞ ይገባል?»

«ገነት ትቆየው» አለች። «እኔ እዚህ እፈልገዋለሁ።»

ለቀቃት። እጇ ላባው ውስጥ እስከ ክንዷ ገባ፣ ዞረ፣ ቆመ። ስታወጣው መዳፏ ላይ አክሊል ነበር። ነጭ፣ ጥብቅ ያለ፣ ላባዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን የተኙ። እትዬ ቴኒ ግን ጎንበስ ብለው አዩና በጣታቸው አመለከቱ። በሁለቱ ጫፎች መካከል አንድ ጣት የሚያህል ክፍተት አለ።

«አልገጠመም» አሉ። «ልጅሽ አለ።»

እማዬ ሳቀች። እያለቀሰችም ነበር። ጓሮ ወጥታ ላባዎቹን አንድ በአንድ እየነቀለች ለነፋስ ሰጠቻቸው፤ ዶሮዎቹ እየተሯሯጡ ሊለቅሟቸው ሞከሩ። አባዬ እንኳን ፈገግ አለ። ያን ሰሞን ሁሉ እማዬ የበቆሎ ዳቦ ስትጋግር ታንጎራጉር ነበር፤ አልጋውንም አነጠፈችለት።

በረዶው ሲቀልጥ አርሊስን ተራራው ላይ አገኙት። ጦሩ ደብዳቤና አንድ ጥቅል ላከልን። የሞተው ቴሌግራሙ ጠፋ ባለበት በዚያው ቀን ነው፤ የብርዱን ወራት ሁሉ እዚያ ተኝቶ ነበር። እማዬ ትራሱን ስትከፍት ከሞተ ሰንብቶ ነበር።

«ክፍት ነበር እኮ» አለች እማዬ። ወሬውን ሰምተው የመጡትን እትዬ ቴኒን ዞራ አየች። «አልገጠመም አላሉም?»

አባዬ ጥቅሉን ፈታው። ሰንጢው አለ፣ ደብዳቤዎቻችን አሉ፣ ከሥር ደግሞ ጭቃ የደረቀባት አበባማዋ ትራስ። አባዬ ሊደብቃት ፈለገ፣ እማዬ ቀደመችው። ስፌቱን በጥርሷ በጠሰችና እፍኟ ላይ ገለበጠቻት።

ከላባው መሃል አንድ ቁራጭ ወጣ። ጣት የምታህል፣ ትንሽ የጎበጠች፣ ላባዎቿ ሁሉ ወደ አንድ ወገን የተኙ።

አርሊስ በሄደበት ጠዋት ያን እፍኝ ላባ ሲያወጣ ሁላችንም ቆመን አይተናል። ደብዳቤውን ያነበብኩትም እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን ከመካከላችን አንድም ሰው የጎደለው የት ይሆን ብሎ አልጠየቀም፤ መጉደሉ ብቻ ነበር ደስ ያሰኘን። አክሊሉ ሙሉ ነበር። አብዛኛው እዚህ፣ ቁራጩ ከራሱ ሥር፣ ተራራው ላይ።

እማዬ ቁራጯን በአንድ እጇ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች፣ የዶሮ ቤቱ አጠገብ በጉልበቷ ተንበረከከች። ከበተነችው በኋላ ስንት ዝናብ ዘንቧል፣ ዶሮዎቹም ስንት ጊዜ ጭረውታል። እሷ ግን ጭቃውን በጣቷ ትፈልጋለች፣ ያገኘችውን በቀሚሷ ትጠርጋለች፣ መደቡ ላይ ትደረድራለች። አባዬ በስሟ ጠራት፣ አልሰማችውም። እኔ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። አንድ ላባ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገችና አሳየችኝ።

«ሉራ፣ ዓይኔ ደክሟል። ይኼ የዝይ ነው የዶሮ?»

ገና ከፍ ስታደርገው የዶሮ መሆኑን አይቻለሁ።

«የዝይ ነው እማዬ» አልኳትና ተንበርክኬ አብሬያት መልቀም ጀመርኩ።