ሕመም ተሸካሚው

ባሲማ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሳታልፍ ስትቀር፣ እናቷ ፋጢማ አልተቆጣቻትም። እጇን ይዛ ወደ አጎቷ ወደ አያ ሰዓድ ወሰደቻት። አያ ሰዓድ ከመካነ ሰላም በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው፣ ገደል አፋፍ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አዋቂ ናቸው። ከከላላም ከደጎሎም ሕመምተኛ በበቅሎ ይመጣላቸዋል፤ የመጣውም ሕመሙ ለቆት ይመለሳል።

"ልጂቱ ጭንቅላት አላት፤ ፈተናው ነው እምቢ ያላት" አለቻቸው ፋጢማ። "እርስዎም ደከሙ። የሚተካዎት ይኑር።"

ባሲማ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅጠልና ሥር ስትለይ፣ ዱዓ ስታጠና ከረመች። በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ አያ ሰዓድ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ዋሻ ይዘዋት ገቡ። ውስጥ ባለቤት የሌለው ጥላ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።

"ጂን ነው። በወጣትነቴ በስሙ አሰርኩት" አሏት። "እኔ ማንንም ፈውሼ አላውቅም ልጄ። የሰዉን ሕመም የሚወስድ እሱ ነው።"

"ወስዶስ የት ያደርሰዋል?"

አያ ሰዓድ የጂኑን ስም ብቻ በጆሮዋ ነገሯት።

መልሱን ያገኘችው ከራሱ ከጂኑ ነው። "የትም አላደርሰውም" አላት፣ ጠዋት ጠዋት እየሄደች አጠገቡ መቀመጥ ከጀመረች በኋላ። "እኔው ጋ ነው ያለው። ሠላሳ ዓመት የሆነው ምጥ አለ። ጅብ የነከሰው እግር አለ። የአንድ ሽማግሌ ጥርስም አለ፤ ሰውየው ከሞተ ቆይቷል፣ ጥርሱ ግን እስከ ዛሬ ይጠዘጥዘኛል።" ሳቅ አለ፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ማቃሰት ተለወጠ።

ባሲማ አለቀሰች። "ስምህ የሚሠራልኝ አያ ሰዓድ ሲያልፉ ነው፤ ያን ጊዜ እፈታሃለሁ" አለችው። "ወላሂ!"

"ለእኔ ብሎ የማለ ሰው አይቼ አላውቅም" አላት ጂኑ።

አያ ሰዓድ ሰኔ ሲያልቅ አረፉ። ባሲማ ለቅሶው እስኪያበቃ ጠበቀች። በአራተኛው ቀን ማለዳ ወደ ዋሻው ልትሄድ ስትነሣ፣ አራት ወንዶች በቃሬዛ ሰው ተሸክመው ደረሱ። የተሸከሟት እናቷን ነበር። ፋጢማ ደሴ ሆስፒታል ሰንብታ፣ ሆዷ ውስጥ ያለው በሽታ ተሰራጭቷል፣ ቤቷ ውሰዷት ተብላ ነው የመጣችው። እንዳትጮህ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች።

ባሲማ ወደ ዋሻው ሮጠች። ጂኑ ቆሞ ይጠብቃታል። ቆሞ አይታው አታውቅም ነበር።

"ዛሬ ነው አይደል?" አላት።

"እናቴ መጥታለች።"

ጥላው ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"የእሷን ብቻ" አለችው። "ከእሷ በኋላ ወዲያው እፈታሃለሁ።"

"ሞልቻለሁ ባሲማ። የእናትሽን ከጨመርሽብኝ የምትፈቺው ነገር አይቀርም። ሰው ለምኜ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ለመንኩሽ።"

ከቤት ውስጥ የፋጢማ ጩኸት ተሰማ፤ ነጠላው ከአፏ ወድቆ ኖሯል። ባሲማ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። አልሆነላትም። ስሙን ጠራችና አዘዘችው።

ሕመሙ ለቀቃት፣ በሽታው ግን ሆዷ ውስጥ ቀረ፤ ፋጢማ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ኖረች። ገንፎ አማራትና በላች። ደጃፍ ተቀምጣ ፀሐይ እየሞቀች፣ በሠርጓ ቀን በቅሎዋ ደንብራ ማሽላ ውስጥ እንደጣለቻት፣ ሚዜዎቹም ሙሽራዋን ፍለጋ እንደተራወጡ እያወራች ከልቧ ሳቀች። "እጅሽን አላህ ይባርከው፣ ምንም አያመኝም" ትላለች በየመሐሉ። ባሲማ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት፣ ፋጢማ የልጇን ጭን እንደተንተራሰች ትንፋሿ ቆመ።

ከቀብር መልስ ባሲማ ወደ ዋሻው ገባች። ጥላው የለም። ትፈታው ዘንድ አፏን ከፈተች፤ ስሙ ግን ጠፋባት። አንድም ፊደል አልመጣላትም። የስሙ ባለቤት እንደሌለ ያን ጊዜ ገባት፤ ድንጋዩ ላይ ግንባሯን ደፍታ ሲመሽ ወጣች።

በሳምንቱ አወቀ የተባለ ገበሬ ሚስቱን በዛችን በበቅሎ አስቀምጦ ከከላላ መጣ። በዛች ከወገቧ ቀና ማለት አቅቷታል።

"ሕመም የሚወስደው ሞቷል" አለቻቸው ባሲማ።

"የአያ ሰዓድን ሰምተናል፣ ነፍስ ይማር" አለ አወቀ። "እሳቸውን የተካች ልጅ አለች ቢሉን ነው የመጣነው።"

"እሳቸውን ማለቴ አይደለም" አለችና በዛችን ደግፋ አስገባቻት። ውሃ አሞቀች፣ ቅጠል ቀቀለች፣ ወገቧን ስታሽላት ዋለች። በዛች በጮኸች ቁጥር የባሲማን ክንድ ጭምቅ ታደርጋለች። ባሲማም ክንዷን ሰጥታት ተቀመጠች።