ያመለጣት ዝላይ

በአንድ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ጣቢያ አንዲት ተመራማሪ ነበረች። ሥራዋ አንድ ኮከብ መከታተል ነው፤ ኮከብ ከተባለ። ትልቅ ኮከብ ፈንድቶ ሲያበቃ የቀረ አስኳል ነው፤ ስፋቱ ከአንድ ከተማ አይበልጥም፣ ክብደቱ ግን ከፀሐይ ይበልጣል። በሴኮንድ አሥር ጊዜ ይሽከረከራል፤ በዞረ ቁጥር የሬዲዮ ጨረሩ ምድርን ዳሰስ አድርጎ ያልፋል። ያንን ትርታ ዓመት ከዓመት ስታዳምጥ የኖረችው አንድ ነገር ጠብቃ ነው። እንዲህ ያሉ ኮከቦች ፍጥነታቸው ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄድና አልፎ አልፎ ድንገት ዘለል ብለው ይፈጥናሉ። ከቅርፊታቸው በታች ያለው ፈሳሽ ፍጥነቱን ለቅርፊቱ ሲያካፍል ነው ይባላል። ዝላዩን ገና ሲጀምር ያየ ሰው፣ ማንም ቆፍሮ የማይደርስበትን የኮከቡን ሆድ አየ ማለት ነው።

እናቷ ግን ነገሩ አልዋጥላት እንዳለ ነው የኖረችው። "ልጅ ውለጂ ብላት ኮከብ ታሳድግልኛለች" ትል ነበር ለጎረቤት።

አንድ ቀን ጠዋት ታናሽ እህቷ ደወለች።

"እማዬ ደክማለች። ዛሬ ነገ ሳትዪ ነይ።"

ችግሩ ኮከቡን ለማን ትተወው? ሥራውን የሚያውቅ አንድ ባልደረባዋ ብቻ ነበር፤ ከእሱ ጋር ደግሞ በቴሌስኮፑ ሰዓት ድልድል ተጣልተው፣ ዓይንህን ላፈር ከተባባሉ ቆይተዋል። ልቧ እየዋለለ ሁለት ቀን አባከነች። በሦስተኛው ቀን በሩን አንኳኩታ፣ "እናቴ ታማብኛለች" አለችው።

ተቀመጪም አላላት። "ሂጂ። እኔ አለሁ" አለ ብቻ።

እናቷን በሕይወት አገኘቻት፤ አንደበቷ ግን ተይዞ ነበር።

"እስከ ትናንት ድረስ ታወራ ነበር" አለች እህቷ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

የእናቷን እጅ ይዛ ዋለች። በማግስቱ እናትየዋ አረፈች።

ከቀብር በኋላ ወደ ሥራ ስትመለስ ባልደረባዋ ጺሙን ሳይላጭ፣ ዓይኑ ቀልቶ ጠበቃት። "እግዜር ያጥናሽ" አለና ስክሪኑን አዞረላት። የትርታው መስመር ቀጥ ብሎ መጥቶ አንድ ቦታ ላይ ተሰብሯል። ቀኑን አየች፤ የቀብሩ ዕለት ነው።

"ለምን አልደወልክልኝም?"

"ስልኩን አንስቼ ነበር። አንቺ እናትሽን አፈር እያለበስሽ፣ እኔ ስለ ኮከብ ላወራሽ? አፌ እምቢ አለኝ።"

"ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ነው።"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው ቤቴ ያልገባሁት። ከዘለለ በኋላ እንዴት እንደተረጋጋ፣ ኮከቡ በወጣ ቁጥር ቀድቼልሻለሁ።"

ልትቆጣው ፈለገች፤ ቁጣው ግን አልመጣ አላት። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ከመጀመሪያው ንገረኝ።"

መጀመሪያ መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ሰዓቱን እንደፈተሸ፣ ደህና መሆኑን ሲያይ ዝላዩ እንደሆነ እንደገባው ነገራት። መሃል ላይ ቀና ሲል ታለቅሳለች። ወሬውን አቋረጠ።

"ቀጥል" አለችው። "የማለቅሰው ለኮከቡ አይደለም።"

ግኝቱ በሁለቱም ስም ወጣ። ሰው እንኳን ደስ አለሽ ባላት ቁጥር "ያየው እሱ ነው" ትላለች። ወዳጅ ሆኑ ማለት አይቻልም፤ በሰዓት ድልድሉ ዛሬም ይነታረካሉ። የእሱ አባት ሆስፒታል የገቡ ዕለት ግን እስኪጠይቃት አልጠበቀችም። ኮቱን ከማንጠልጠያው አውርዳ አስያዘችውና በሩን ከፈተችለት።