ጋሽ ሸዋ የጨረሷቸው ፊልሞች

በሮማና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖች በሙሉ፦ አቶ ሸዋንግዛው በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ሲኒማ ቤት መግባታቸውን በጥልቅ አክብሮት እናስታውቃለን። የገቡት በራሳቸው እግር ሲሆን የወጡትም እንደዚያው ነው።

ነገሩ ተራ ይመስላል። ግን ቪያ ቮልቱርኖ መንገድ ላይ በኤፊ ምግብ ቤት የሚበላ ሰው ሁሉ ጋሽ ሸዋን የሚያውቃቸው በፊልም ነው። ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ የሲኒማ መጽሐፍ ይገዛሉ፤ ወፍራም፣ ፎቶ የበዛበት፣ ጥራዙ የላላ። ሳምንቱን መዝገበ ቃላት ይዘው ያነቡታል። ሐሙስ ከሰዓት፣ የሰው ቤት የሚሠራ ሁሉ በሚያርፍበት፣ መጥተው ፊልሙን ይተርካሉ፦ ካሜራው የት እንደቆመ፣ ዝናቡ በውሃ ጎማ እንደተረጨ፣ ተዋናይዋ ስንት ጊዜ ደግማ እንዳለቀሰች። አይተውት ግን አያውቁም። አንዱንም። ይህን ለማንም አልተናገሩም።

ችግሩ መጨረሻው ነው። የሲኒማ መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች ጨዋ ናቸው። ዳይሬክተሩ ከሦስተኛ ሚስቱ ጋር በምን እንደተጣላ በአራት ገጽ ይዘረዝሩና፣ የፊልሙ ፍጻሜ ላይ ሲደርሱ «ይህንንስ ለተመልካቹ እንተወው» ብለው ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ስለዚህ ጋሽ ሸዋ ራሳቸው ይጨርሱታል።

ድሮ አድማጩ ጠረጴዛ ሙሉ ነበር። ኋላ አንድ በአንድ ወደየስልኩ ገባ። የቀረችው ፍሬሕይወት ብቻ ናት፤ ፓሪዮሊ ሰፈር በሞግዚትነት የሰው ልጆች የምታሳድግ፣ በየመሃሉ «ከዚያስ?» የምትል። ጋሽ ሸዋ ፊሶ፣ አዳሪ ሠራተኛ ናቸው፤ ከሚያስታምሟቸው ጣሊያናዊ ሽማግሌ ቤት ያድራሉ። ሽማግሌው «ማርዮ» ይሏቸዋል። ማርዮ ከእሳቸው በፊት የነበረው ሠራተኛ ነው። ከሐሙስ እስከ ሐሙስ በስማቸው የሚጠራቸው የለም።

«አሎራ፣ ጋሽ ሸዋ» አለች ፍሬሕይወት ባለፈው ሐሙስ፣ ሁለት ቢልዬቶ፣ የሲኒማ ትኬት፣ ጠረጴዛው ላይ አኑራ። «ያ የመርከበኛው ሚስት ፊልም! ፒኜቶ ሰፈር ያለች ትንሽ ሲኒማ ዛሬ ታሳየዋለች። ያን መጨረሻ በዓይኔ ሳላየው አልሞትም።»

«ወገቤን ያመኛል።»

«ሲኒማ ይቀመጡበታል እንጂ አይሸከሙት!»

ኤፊ ከባንኮኒው ኋላ ሳቀ። «ፕሮፌሶሬ፣ ምነው? ተማሪዎ ፈተና አወጣችብዎት እንዴ?»

ተነሡ። እምቢ ቢሉ ብቻዋን ትሄዳለች፤ ውሸቱንም ብቻዋን ታየዋለች፤ ከዚያ በኋላ «ከዚያስ?» የሚል ሰው አይኖርም።

አዳራሹ ውስጥ ሰባት ሰው ቢሆን ነው። እሳቸው በተረኩት ፊልም ሴትዮዋ ማታ ማታ ለሁለት ሰው እራት ታቀርባለች፤ በመጨረሻ በር ይንኳኳል፤ መርከበኛው ገብቶ ይቀመጥና «ሾርባው ቀዘቀዘ?» ይላል። ሸራው ላይ ሴትዮዋ ሁለተኛውን ሳህን አነሣች። አጠበችው። ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። መብራቱን አጠፋች። ፊኔ፤ ተፈጸመ።

መብራት በራ። ፍሬሕይወት አልተነሣችም።

«አልመጣም» አለች።

«አልመጣም።»

«እርስዎ ግን በር ተንኳኳ ነበር ያሉኝ።»

ጋሽ ሸዋ ኮታቸውን ከወንበሩ አንሥተው ለበሱ።

«የባቡር ጣቢያው ፊልም ላይም ተንኳኳ። የሽፍቶቹም ላይ። የመነኩሴው እንኳ! ማዶና፣ አሥራ አንድ ፊልም ነግረውኝ አሥራ አንዱም በር ተንኳኩቶ ነው ያለቀው።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ጋሽ ሸዋን ያስፈራቸውም እሱ ነው። «ማን ነው የሚያንኳኳው? ማንን ነው የሚጠብቁት?»

መጥረጊያ የያዘች ሴት ከኋላ ወንበሮች ጀምራ እየቀረበች ነበር። ጋሽ ሸዋ ኮታቸውን ቆለፉ፤ አንድ ቁልፍ ስተው ኖሮ ፈትተው እንደገና ቆለፉ።

«በሚመጣው ሐሙስ ትመጫለሽ?»

«መጀመሪያ ይንገሩኝ።»

«አሁን አልነግርሽም» አሉ። «መጨረሻውን ለሐሙስ እንተወው።»