ሎም የተባለው ሌባ

ላትሳሚ ቡችላዋን ሎም ብላ ነበር የሰየመችው፤ በአገሯ ቋንቋ ነፋስ ማለት ነው። አማቷ እማማ ኡን ግን አንድ ቀን እንኳ በስሙ ጠርተውት አያውቁም። በመጣ ማግስት የቁርስ ሩዛቸውን ከነሙዳዩ ጎትቶ ስለወሰደባቸው "ያ ሌባ" ነው የሚሉት።

ይኸው ሌባ የእማማን ዶሮ ሲያባርር በምሰሶ ላይ ከቆመው ቤት መሰላል ተንከባሎ የፊት እግሩን ጎዳ። የከብት ሐኪሙ መጥቶ ዳሰሰው። "ወለምታ ነው፤ አጥንቱ ደህና ይመስላል። ብቻ እንዳይሮጥ። መዳፉ ካበጠ ግን ዛሬ ነገ ሳትይ ከተማ ውሰጂው፤ ያኔ እግሩን ላናተርፈው እንችላለን" ብሎ በፋሻ ጠቅልሎት ሄደ።

እንዳይሮጥ ማለት ለሐኪም ቀላል ነው። ላትሳሚ ከቤቱ ወለል ሥር፣ በምሰሶዎቹ መሀል፣ አውራ ዶሮ የሚከደንበትን ትልቅ የቀርከሃ ቅርጫት ደፋችበት። ሎም ትንሽ አሰበና ቅርጫቱን በጭንቅላቱ እየገፋ ግቢውን ይዞር ጀመር። ቅርጫት ሲሄድ አይተው የማያውቁት ዶሮዎች እየተንጫጩ ወደ ጎረቤት ሸሹ።

"ቤቴን የጠንቋይ ቤት አደረገው" አሉ እማማ ኡን ከላይ ሆነው። "ልጄ ሚስት አመጣሁልሽ ሲለኝ ከነሌባዋ ነው ለካ።"

የላትሳሚ ባል በዋና ከተማው በቪየንቲያን ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ሎምን ደግሞ ስትዳር አባቷ ናቸው በጉያዋ የሸጎጡላት። በዚህ ቤት የኔ የምትለው እሱን ብቻ ነበር። ቅርጫቱ ላይ ድንጋይ ጫነችና ምግቡን በእጇ ታጎርሰው ጀመር።

አንድ ቀን ገበያ ውላ መሽቶ ገባች። በማግስቱ ጠዋት ቅርጫቱን ስታነሳ ሎም አልዘለለም። መዳፉ አብጦ ጣቶቹ አይለዩም።

"እማማ፣ አብጧል።"

"ምኑ?"

"እግሩ። አጥንቱ ነው ማለት ነው። በቃ፣ ሊቆረጥ ነው።"

እማማ ኡን ጫማቸውን ሳያደርጉ መሰላሉን ወረዱ። ላትሳሚ ከተማ ልትወስደው ስታቅፈው ጣቷ ከፋሻው በላይ ጸጉሩ ውስጥ የተቀበረ ነገር ነካ። ስትገልጠው ነጭ የጥጥ ክር ነው። ሎም ሲልሰው ሲያኝከው አድሮ ረጥቦ ጠብቋል፤ ደሙን አግዶበታል። መቀስ አነሳች።

"አትቁረጪው" አሉ እማማ ኡን። "የነፍስ ክር በመቀስ አይነካም። ይፈታል እንጂ።"

ላትሳሚ ቀና ብላ አየቻቸው። "እርስዎ ነዎት ያሰሩለት?"

"ሌላ ማን አለ? ሰውም ሲወድቅ ነፍሱ ደንግጣ ትሸሻለች፤ ጠርተው ካላሰሯት መች ትመለሳለች?" ፊታቸውን ወደ ዶሮዎቹ አዞሩ። "ገበያ ስትሄጂ ያለቅሳል። ሩዙ አልወርድ አለኝ። ነፍሱ እንዳታመልጥ ብዬ ትንሽ ጠበቅ አደረግኩት።"

ላትሳሚ ሎምን ጭኗ ላይ ያዘችው፤ አሮጊቷ ቁጢጥ ብለው በጥፍራቸው፣ እምቢ ሲላቸው በቀሩት ጥርሶቻቸው ከቋጠሮው ጋር ታገሉ። ሎም ንቅንቅ ሳይል ጉንጫቸውን ይልሳል። እማማ "ዞር በል" እያሉ እሳቸው ግን ዞር አላሉም። ቋጠሮው ላላ።

ረፋዱ ላይ እብጠቱ ጎደለ። ጥላው ወደ ምሰሶዎቹ ሥር ሲሰበሰብ ሎም መዳፉን መሬት ላይ አሳርፎ ቆመ፤ ከዚያም ዶሮ አየ። ላትሳሚ ተሯሩጣ ስትይዘው እየሳቀች እንባዋ ይወርድ ነበር። እፎይታው ከድንጋጤው በላይ አደከማት።

"ግን እማማ፣ ነፍስ በስሟ ካልተጠራች አትመጣም ይባል የለ? እርስዎ በስሙ ጠርተውት አያውቁም።"

እማማ ኡን የተፈታውን ክር ጭናቸው ላይ እያፍተለተሉ አቃኑት።

"'አንተ ሌባ፣ ና ወደ ቤትህ' አልኩት። መጣ አይደል?"