የሰሜኑ ማዕዘን ግንድ

ሰብስቤ አናጢ ነው። በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ተሰዶ ቶሮንቶ ከገባ ወዲህ ያልነካው የእንጨት ሥራ የለም፤ ኪችን ገጥሟል፣ ደረጃ ሠርቷል፣ ሪጀንት ፓርክ የሚባለው ሰፈር ፈርሶ ሲገነባም እጁ አለበት። ልቡ ያረፈው ግን ከሚኖርበት ከስካርቦሮ አንድ ሰዓት ነድቶ በሚደርስባት ትንሽ ከተማ፣ ሜዳ ላይ በተቋቋመው ሙዚየም ነው። የድሮ ሰፋሪዎች ከሙሉ ግንድ የሠሯቸው አምስት ቤቶች ከየቦታቸው ተነቅለው መጥተው እዚያ ቆመዋል። ሰብስቤ አሥራ አራት ዓመት ጠገናቸው። በረዶ ሲቀልጥ የትኛው ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ በሐምሌ የትኛው በር አልዘጋ እንደሚል ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

በሚያዝያ የሙዚየሙ ማኔጀር ሱዛን ጠራችው። ከአምስቱ ትልቁ የወፍጮ ባለቤቱ ቤት ነው። ከታች ያሉት ግንዶቹ ስለበሰበሱ ቤቱን በክሪክ አንስቶ እነሱን የመቀየር ሥራ ተፈቅዷል። ሰብስቤ ይህን ቀን ሲጠብቅ ነው የኖረው።

«ሥራውን የምትመራው ጸዮን ናት» አለችው ሱዛን። «ያገርህ ልጅ ናት፤ ደስ ይልሃል ብዬ ነው።»

ጸዮን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። የጥንት ሕንፃ ጥገና ተምራ፣ በሙያዋ ተወዳድራ ካናዳ ከገባች ገና ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። ፈረንጅ ቢመጣበት ሰብስቤ ይችለው ነበር፤ ለምዶታል። ያገሩ ልጅ፣ ያውም ከሴት ልጁ በጥቂት ዓመት የምትበልጥ፣ ትናንት መጥታ ከላዩ ስትቀመጥ ግን አንጀቱ አረረ።

«እሷ ግንድ የምታውቀው በመጽሐፍ ነው» አላት ማታ ሚስቱን ቦጋለችን።

«አነጋግረሃታል?»

«ምን ብዬ አነጋግራታለሁ?»

ቦጋለች ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ አስቀመጠች። «ሰብስቤ፣ ቀንተሃል።»

«እኔ? በልጅ?»

«በልጅ» አለችና መክተፏን ቀጠለች።

ጸዮን ሥራውን የጀመረችው እያንዳንዱን ግንድ በመዶሻ እየመታች በማዳመጥ ነበር። የተጠራጠረችውን በወስፌ ትወጋለች፣ የሚቀየረው ላይ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች። ሰብስቤ መሣሪያ ተሸክሞ ይከተላታል። ስህተት ሲጠብቅ ስህተት እያጣ፣ ባጣ ቁጥር ይብስበታል። ሱዛን መጥታ «ግሩም ነው» ስትል ደግሞ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ እሱን ስንቴ እንዲህ እንዳለችው በልቡ ይቆጥራል።

ሰሜኑ ማዕዘን ጋ ሲደርሱ ጸዮን ከመሬት ሦስተኛውን ግንድ መታችው። ጆሮዋን አስጠግታ ደገመችው።

«ጋሽ ሰብስቤ፣ ይሄ ከዚህ በፊት ተነክቶ ያውቃል?»

ያውቃል። ከስምንት ዓመት በፊት እንጨት የሚቦረቡር ጉንዳን ሆዱን በልቶት አግኝቶት ነበር። ግንድ መቀየሪያ በጀት የለም ስላሉት፣ የበሰበሰውን ፊቱን በመሮ አንስቶ፣ ከአሮጌ ሳንቃ ልጣፊ ጠርቦ፣ የእንጨቱን መስመር ከመስመር አጋጥሞ ከደነው። በዕድሜው ከሠራው ሁሉ ይበልጥ የሚኮራበት ሥራ ነበር፤ ማንም ለይቶት አያውቅም።

«አልተነካም» አላት።

እሱን አምና በወስፌ ሳትወጋው አለፈች።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ቤቱ ተነሣ። ጸዮን ማዕዘኖቹ ላይ ክሪክ ተክላ፣ የሚቀየሩት ከሱ በታች ያሉት ስለሆኑ፣ አንዱን ከሰሜኑ ሦስተኛ ግንድ ሥር አደረገች። ሰብስቤ ይህን ሲያይ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ሄደ። አሁን እነግራታለሁ አለ በልቡ። ከዚያ ደግሞ ግንዱ ትንሽ ብቻ ይሰንጠቅ፣ ትንሽ ትፈር፣ ያኔ እናገራለሁ አለ። ቤቱ ሁለት ስንዝር ያህል ተነሣ። ጸዮን ሽብልቅ ልታስገባ በደረቷ ተኝታ ማዕዘኑ ሥር ገባች። ይህን አልጠበቀም ነበር።

ግንዱ ሲጥ አለ። ጸዮን ሰምታ እየተንከባለለች ወጣች፤ የክሪኩ አናት ግንዱን ሰርስሮ ገባና ማዕዘኑ አንድ ስንዝር ወረደ። ሽብልቁ ተስፈንጥሮ ትከሻዋን መታት። ሰብስቤ «ውጪ!» ያለው እሷ ከወጣች በኋላ ነበር።

ጸዮን ተነሥታ ሌሎቹን ክሪኮች አረጋጋች። ቀጥሎ ወደ ግንዱ ሄዳ የተሰነጠቀውን ልጣፊ በጣቷ ዳሰሰችው። አብረዋቸው የነበሩትን ሁለት ሠራተኞች ምሳ ብሉ ብላ አሰናበተቻቸው።

«የርስዎ እጅ ነው» አለች።

«ነው።»

«ጠይቄዎት ነበር።»

«ጠይቀሽኛል።»

«ታዲያ ለምን?»

ረስቼው ነው ማለት ይችል ነበር። «ቀናሁብሽ» አለ።

ትከሻዋን ይዛ አየችው። «ሥሩ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ሰብስቤ።» «ለሱዛን ማን ይንገራት? እርስዎ ወይስ እኔ?»

እሱ ነገራት። ሱዛን አልተቆጣችም፤ ለሦስት ሳምንት ከሥራ አገደችው። ለቦጋለችም ሁሉንም ተናገረ፤ እሷም ለሁለት ቀን አላናገረችውም።

ሲመለስ ቤቱ በአዲስ ግንዶች ላይ ተቀምጧል። ሰው ሳያየው የማዕዘኑን መጋጠሚያዎች በጥፍሩ ዳሰሰ፤ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አልነበረም። ምነው አንድ እንኳ በተገኘ አለ በሆዱ፣ ወዲያውም በራሱ አፈረ። ጸዮን ሰላምታ ሰጠችው እንጂ ሌላ አልተናገረችም። ቤቱን ሊያዩ የመጡ ጎብኚዎች እሷን ሲያመሰግኑ ያው የድሮው ቅናት ጎኑን ወጋው።

ጎብኚዎቹ ሲሄዱ ወደ እሷ ሄደ።

«ጠመኔሽን ያዢና ተከተይኝ» አላት።

ተጠራጠረች፤ ግን ተከተለችው። ሰብስቤ ከመጀመሪያው ቤት ጀምሮ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የሸፈነውን ሁሉ፣ የጣሪያውን ወራጅ፣ የመስኮቱን ደፍ፣ በኖራ የደፈነውን ቀዳዳ እየነካ አሳያት። ባንዳንዱ ላይ ጸዮን ጎንበስ ብላ «ይሄማ አይታወቅም» ትል ነበር፤ ይቅርታ አድርጌያለሁ ግን አላለችም። እያንዳንዱን ባሳያት ቁጥር በእሷ ላይ የቀረው ብልጫ አንድ በአንድ ከእጁ ሲወጣ ይታወቀው ነበር፤ ይቆጨውም ነበር። ሦስተኛው ቤት ሲደርሱ ዝናብ ጀመረ።

«ነገ እንጨርሰው?» አለች።

«አይ፣ አሁን» አለ። «ነገ ሐሳቤን እቀይር ይሆናል።»