ለፎቶ የሚለበስ ኮት

ሻምበል በመኮንን ኮት የተነሳውን የድሮ ፎቶውን ፎቶ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠው ሐሙስ ጠዋት ነው።

«አሳድጊልኝ ልጄ፤ ግድግዳ የሚሞላ ይሁን። እሑድ የዘማቾች ማኅበር ሲሸልመኝ ከመድረኩ ጀርባ ይሰቀላል» አለኝ።

ደረሰኝ እንኳ አልጻፍኩለትም። ሻምበል ለኛ እንደ አጎት ነው፤ ለአጎት ደግሞ ደረሰኝ አይጻፍም።

ታላቅ ወንድሜ ከግንባር ሳይመለስ ቀርቷል። ወረቀት አልመጣ፣ ሬሳ አልመጣ። እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ እህል አልወርድ ብሏት፣ እንቅልፍ ጠልቷት፣ ኮቴ በሰማች ቁጥር ብድግ እያለች ከረመች። ሻምበል የመጣው ያኔ ነው። «ልጅዎ እኔ ክንድ ላይ ነው ያረፈው፤ አልተሠቃየም። በገዛ እጄ ዛፍ ሥር ቀበርኩት» አላት። አለቀሰች፣ እኛም ወጉ ደርሶን ሐዘን ተቀመጥን፤ ከዚያ በኋላ እናቴ መተኛት ጀመረች። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያንኑ ይነግራታል። እሷም ሰምታው እንደማታውቅ ሆና ትሰማዋለች።

ፎቶውን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ ኮምፒውተር ላይ አውጥቼ ጭረቱን ማጽዳት ጀመርኩ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ከሰው አፍንጫ ላይ ጭረት ሳጠፋ ነው የምውለው። ፊቱን ጨርሼ ደረቱ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አምስት ሜዳሊያ አለ። ሦስተኛው ግን እንደ ሌሎቹ በቀለበት አልተንጠለጠለም። በሽቦ ነው የታሰረው።

ሽቦውን አወቅኩት።

አባቴ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ምልክት እንኳ የሌላት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችው። ለደንበኛ የሚያውሰው ልብስም ነበረው፦ ከረባት፣ ለሙሽራ ቬሎ፣ አንድ የመኮንን ኮት። ያን ኮት ያልለበሰ ጎረምሳ አልነበረም። የአውቶቡሱ ረዳት፣ ሥጋ ሻጩ፣ ድመት የሚፈራው ልብስ ሰፊያችን ሳይቀር ለአምስት ደቂቃ መኮንን ሆኖ ወጥቷል። ሜዳሊያዎቹ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የተገዙ ናቸው። አንዱ ብቻ የወንድሜ ነው፤ ትምህርት ቤት ሮጦ ያገኘው። ወንድሜ ከዘመተ በኋላ አባቴ የኮቱ ደረት ሳሳ ብሎ ቢታየው ጨመረው። የሯጩ ሥዕል እንዳይታይ ገለበጠው፤ ማንጠልጠያው ተሰብሮ ስለነበር በሚስማር በስቶ በሽቦ አሰረው። ሽቦውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። በዓመቱ አባቴ ሞተ፣ ፎቶ ቤቷም አብራው ተዘጋች። ሻምበል ቤታችን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ፎቶውን ገለበጥኩት። አባቴ ያነሳበትን ቀን ከጀርባው በእርሳስ የመጻፍ ልማድ ነበረው። ደብዝዟል፤ በአጉሊ መነጽር አነበብኩት። ሻምበል ወንድሜን ክንዱ ላይ ይዞ አመሸሁ የሚልበት ሳምንት ነው። ግንባሩ ከኛ ከተማ የሦስት ቀን መንገድ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። ፊት ለፊቴ ደንበኛ ተቀምጦ «ፈገግ ይበሉ» እላለሁ፣ ሳላነሳው ወጥቼ በር ላይ እቆማለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ። አንዱን ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ አነሳሁት፤ ሳላየው ለጉርድ ፎቶ ቆርጬ ሰጠሁት። ሆድ ይፍጀው ልል ሞከርኩ። የኔ ሆድ ግን ምን ሲፈጅ ያውቃል! ቤት ስገባ እናቴ የእሑዱን ቀሚሷን እየተኮሰች ነው።

«ሻምበሌ ሲሸለም የልጄም ስም ይነሳል አሉ» አለችኝ። እሷ ስትስቅ እኔ ጓዳ ገባሁ። እዚያም መቆም አልቻልኩም።

ዓርብ ዕለት ፎቶውን ሊወስድ መጣ።

«ሻምበል፣ ይሄን የት ተነሱት?»

«ግንባር ነዋ! ሜዳሊያው በተሰጠኝ ማግስት።»

ስክሪኑን ወደ እሱ አዞርኩት። «ይቺን ሦስተኛዋን ወንድሜ ነው ትምህርት ቤት ሮጦ ያገኛት። ኮቱ ደግሞ የአባቴ ነው።»

ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ ሜዳሊያዋን አያት። ከዚያ በቀጭን ድምፅ «የአውቶቡስ ተራው ሰውዬ... አባትሽ ነበሩ?» አለኝ።

«እርስዎ» ከአፌ የጠፋው ይሄኔ ነው።

«የት ነበርክ?»

«እዚያው አውቶቡስ ተራ። ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ልመዝገብ ብል እግርህ አይረባም ብለው መለሱኝ። አንድ ቀን አልዘመትኩም።»

«እናቴንስ?»

«ፎቶውን ሳሳይ ሰው ሻምበል አለኝ፤ ደስ አለኝ። በኋላ እናትሽ መንገድ ላይ እጄን ያዙኝ። ‘ልጄን አይተኸዋል?’ አሉኝ። አላየሁም ልላቸው ነበር። እጄን አልለቅ ሲሉኝ... አይቼዋለሁ አልኩ። ‘ተሠቃየብኝ?’ አሉኝ። ምን ልበላቸው ልጄ?»

«ልጄ አትበለኝ!»

ድምፄ መንገድ ላይ ሳይሰማ አልቀረም። ተናድጄ ነበር፤ እንዲያ ተናድጄ አላውቅም። በወንድሜ ሜዳሊያ አጊጦ፣ በወንድሜ ሞት ሻምበል ሆኖ፣ ቤታችን የሚቀመጥበት ወንበር እንኳ ተለይቶለት! «ነገ ለእናቴ አንተ ራስህ ትነግራታለህ። ካልነገርክ እሑድ መድረኩ ላይ እኔ እናገራለሁ» አልኩት።

«ይገድላቸዋል።»

«እውነት ሰው አይገድልም» አልኩት። ምን አውቄ ነው!

ቅዳሜ በሰዓቱ መጣ። ሁልጊዜ ደረቱ ላይ የሚሰካት የማኅበሩ ምልክት የለችም። «ማኅበሩ ጋ ደርሼ መጣሁ፤ ስሜን ሰርዘውታል» ብሎኝ ገባ። የራሱ ወንበር ላይ አልተቀመጠም፤ እናቴ ፊት ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። ኮቱን፣ ትኬት ቆራጭነቱን፣ እግሩን። እኔ የደም ግፊት መድኃኒቷን በአንድ እጄ፣ ውኃ በሌላው ይዤ ከበሩ እስከ መስኮቱ እመላለሳለሁ። ስትጮህ ልደርስላት፣ ስትወድቅ ልይዛት።

አልጮኸችም።

«ዛፉስ?» አለችው።

«ዛፍ የለም እማማ።»

«ክንድህ ላይ...»

«አልነበርኩም።»

«ታዲያ ሲሞት ማን አየው?»

«እንጃ። እኔ አላየሁም።»

«አየሁ የሚል ሰው ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

እናቴ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሰው የዕቃ ዋጋ ተነግሮት እንደገባው ዓይነት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ጉንጯ ቀልቷል፣ ዓይኗ በርቷል። ሃያ ሁለት ዓመት ያላየሁት ፊት ነው። ደነገጥኩ።

«የግቢውን በር ቁልፍ የቀየርነው መቼ ነው?»

«አራት ዓመት ሆነው እማዬ። ምነው?»

«ወንድምሽ ይዞት የሄደው መክፈቻ የድሮውን ነው የሚከፍተው» አለችና ብድግ አለች። ሻምበል ሊደግፋት እጁን ዘረጋ፤ አላየችውም። «አራት ዓመት! መጥቶ ሞክሮ እንቢ ቢለውስ? ቤቱን ለቀዋል ብሎ ቢመለስስ? የድሮውን ቁልፍ ጥለሽዋል እንዴ?»

ጥዬዋለሁ። ዝጎ ስለነበር ያን ጊዜውኑ ከቆሻሻ ጋር ነው የሄደው።

«ኧረ አልጣልኩትም፤ ጓዳ አለ» አልኳት። «ሰኞ መልሼ አስገጥመዋለሁ።»

ሻምበል ቀና ብሎ አየኝ።

«ሰኞ ድረስ ምን አስጠበቀሽ? ዛሬ አስገጥሚው» አለች እናቴ።