የማንኪራው ማር

ቦንጋ ላይ የቤት ግድግዳ ቀይ ቀለም ከተቀባ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። መንገዱ ይሰፋል፣ ግሬደሩ ይመጣል፣ ባለቤቱ ዕቃውን ይሸክማል። የሰብሌ ቤት ግድግዳ ላይ ቀዩ ምልክት የተቀባው በመጋቢት ወር ዝናብ እያካፋ ነበር። ቀለሙ ሳይደርቅ ቁልቁል እየወረደ በረንዳው ድረስ ደረሰ። ሰብሌ በጨርቅ ልትጠርገው ብትሞክር ጭራሽ ባሰበት።

ሰብሌ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ አልወለደችም፤ በዚህ ዓለም ላይ «የኔ» የምትለው ይህንኑ ቤት ብቻ ነው። ቤቱን ያሠሩት አያቷ ባላምባራስ ደምመላሽ ናቸው። ከሰሜን መጥተው፣ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ያለውን የማንኪራን ባላገር ማርና ቡና ያስገብሩ የነበሩ ሰው። ምሰሶው ዝግባ፣ በሩ ዋንዛ ነው፤ ዘጠና ምናምን ክረምት ችሏል። ለግሬደር ግን ያው ጭቃ ቤት ነው፤ አንድ ግፊያ ይበቃዋል።

ምን ታድርግ? ቅርስ ወደሚመዘግቡት ሰዎች ሄደች። እዚያ ዮሴፍ የሚባል፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ባለሙያ አለ።

«ቤት ስላረጀ ብቻ ቅርስ አይሆንም፣ እትዬ ሰብሌ» አላት። «ያረጀ ቤትማ ስንቱ! ታሪክ ያስፈልገዋል። ታሪክ የለውም?»

እንዴት አይኖረውም! በየዓመቱ የግንቦት ሚካኤል በዋለ ማግስት፣ ጋሽ ውባየሁ የሚባሉ ሽማግሌ ንብ አናቢ ከማንኪራ በእግራቸው ተነሥተው ማር ያመጣሉ። ከቀፎ የወረደውን የመጀመሪያውን፣ ሳይሸጡ፣ ለልጆቻቸው እንኳ ሳያቀምሱ። ከእሳቸው በፊት አባታቸው፣ ከአባታቸው በፊት አያታቸው ያመጡ ነበር። ዱሮ በቅል፣ አሁን በቢጫ ጀሪካን መሆኑ ነው እንጂ ልዩነቱ፣ አንድም ዓመት ቀርቶ አያውቅም። ዋጋ ቢሰጧቸው አይቀበሉም። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ሻይና ዳቦ ይቀምሱና፣ ሊሄዱ ሲነሡ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃሉ።

«የዚያች ልጅ ወሬ አልመጣም?»

«አልመጣም፣ ጋሽዬ» ትላለች ሰብሌ። እናቷ እንዲያ ስትል ሰምታ ነው ያደገችው። የትኛዋ ልጅ? ጠይቃ አታውቅም። ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድ ጥያቄ ሲጠየቅ እንዴት «ማን ናት?» አይልም? አይልም! ማሩ ይጣፍጣላ።

ዮሴፍ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። «ይኼ ነው እንጂ ታሪክ ማለት! ‹የወዳጅነት ማር›! እትዬ ሰብሌ፣ ቤቱ ተረፈ ይበሉ።» ሁለት ነገር ብቻ ቀረ አላት። አንደኛ፣ ለጎብኚ የሚታይ የአያቷ ዕቃ ካለ እንድታወጣ። ሁለተኛ፣ ጋሽ ውባየሁ ማር ይዘው ሲመጡ ፎርሙ ላይ ቃላቸውን እንዲሰጡና እንዲፈርሙ። ሰብሌ ያን ዕለት እየዘመረች ነው ቤቷ የገባችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአያቷን ሣጥን ከፈተች። ጎራዴ የምታገኝ መስሏት ነበር፤ ጎራዴው የለም፣ አንዱ አጎቷ በደርግ ጊዜ ጥሎታል። ያገኘችው አንድ የብራና ዳዊት ነው። መዝሙሩ መሀል ለአራት የታጠፈ አንድ ወረቀት ነበር። አያቷ ለአለቃቸው የላኩት ደብዳቤ ግልባጭ፣ ግንቦት ፲፫ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓመተ ምሕረት።

«ይድረስ ለጌታዬ። ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎን እንዲሰጥልኝ እግዚአብሔርን እለምናለሁ። ከዘንድሮው ግብር ከማንኪራው ገባር ሦስት ጉንዶ ማር ጎደለብኝ። ስለ ጎደለው ማር ሰባት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጁን ይዣለሁ። ለእመቤቴ አገልጋይ ትሁን ብዬ አዲስ ዓለም ወዳለው ግቢዎ ሰድጃታለሁ። ያገሯን ስም ትቼ ማሪቱ ብያታለሁ። አባቷን፣ ማሩን ስታገባ ትመለሳለች ብዬዋለሁ፤ ማሩን እንዳያቋርጥ ነው።»

ጉንዶ ያን ጊዜ የግብር ማር የሚሰፈርበት ዕቃ ነው። ሦስት ጉንዶ ማር፣ አንዲት ልጅ።

ሰብሌ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!» አለች ለብቻዋ። ጠዋት ዳቦዋን በዚያው ባምናው ማር ነበር የበላችው። ተነሥታ አፏን በውኃ ተጉመጠመጠች፤ ተመልሳም ተጉመጠመጠች።

ሰብሌ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ያን ዕለት፣ ጋሽ ውባየሁ ሲመጡ ወረቀቱን አነብላቸዋለሁ ብላ ቆረጠች። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ አለች። አዲስ አበባ አጠገብ ያለው አዲስ ዓለም ዛሬ ሩቅ አይደለም፣ መኪና ሞልቷል፣ የልጅቷ ዘር ይኖር ይሆናል፣ አብረን ሄደን እንፈልጋለን አለች። ይህን ሁሉ ከልቧ ነው ያለችው። ወረቀቱን አጥፋ ወደ ዳዊቱ መለሰችው።

ግንቦት ዐሥራ ሦስት ደረሰ። ዮሴፍ ፎርሙንና የጣት ቀለሙን ይዞ በጠዋት መጣ። ዳዊቱን ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ነጠላ ጨርቅ አንጥፎ አስቀመጠው፤ ለፎቶ ያምራል አለ። ጋሽ ውባየሁ ረፋድ ላይ ደረሱ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ዘንድሮ ጉልበታቸው ስለከዳቸው ጀሪካኑን የተሸከመችው የልጅ ልጃቸው ሩሀማ ናት። ሩሀማ የኮሌጅ ተማሪ ነች፤ ዝም ብላ ቤቱን ታያለች።

«አባቴ» አለ ዮሴፍ እስክሪብቶውን ከፍቶ፣ «በዚህ ቤትና በእናንተ ቤት መካከል ያለው ወዳጅነት እንዴት እንደጀመረ ይንገሩን።»

ጋሽ ውባየሁ ወደ ሰብሌ፣ ከዚያ ወደ ዮሴፍ ተመለከቱ። «የምን ወዳጅነት?»

«ማሩ… በየዓመቱ የምታመጡት።»

«ማሩ የአክስቴ ነው» አሉ። «የአባቴ እህት ናት። ሶሲ ትባላለች። አንድ ዓመት ዝናቡ በዛና ንቡ ሸሸ፤ ሦስት ጉንዶ ጎደለ። ባላምባራስ ልጅቷን ያዟት። ማሩን ስታመጣ ትመለሳለች አሉ። አያቴ ማር ከሰው ተበድሮ በዓመቱ ሦስቱን ጉንዶ ይዞ መጣ። ‹ከርሞ› አሉት። ከርሞም መጣ። ‹ከርሞ› አሉት። ከዚያ ጣሊያን ገባ፣ ግብሩም ቀረ። አባቴ ግን ማምጣቱን አልተወም። ማሩ ከቆመ ማን በር ይከፍትልናል? የት እንደ ሄደች የሚያውቅ ይህ ደጃፍ ብቻ ነው። እኔም ከአባቴ ተቀበልኩ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ለዚህ ነው። ሰብሌ ያን ሁሉ ዓመት ያገለበጠችውን ጀሪካን አሰበች።

ዮሴፍ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። መጥፎ ልጅ አይደለም፤ ፊቱ ልውጥውጥ ብሏል። ግን ፎርም ፎርም ነው። «አባቴ፣ ይኼ ያሳዝናል፣ በጣም ያሳዝናል። ነገር ግን እንዲህ ብዬ ከጻፍኩት ኮሚቴው ‹የግፍ ቤት ለምን እናቆያለን?› ይላል። በሳምንቱ ይፈርሳል። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይባል የለ? እኛም ‹ከጥንት ጀምሮ በማር የተሳሰሩ ሁለት ቤተሰቦች› ብለን እንጻፈው። ውሸት አይደለም እኮ፤ ተሳስራችኋል።»

«ውሸት ነው እንጂ» አለች ሩሀማ።

«ዝም በይ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ውባየሁ። ከዚያ ሰብሌ ፈጽሞ ያልጠበቀችውን ተናገሩ። «እፈርማለሁ። ቤቱ ይቁም። ቤቱ ከፈረሰ፣ ሶሲ ባትኖር እንኳ ልጇ፣ የልጅ ልጇ አንድ ቀን ዘመዶቼ የት ናቸው ብሎ ቢመጣ፣ የማንን በር ያንኳኳል? ይቁም። እኔ ሌላ ነገር አልፈልግም።» ወደ ሰብሌ ዞሩ፤ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል። «እትዬ፣ የዚያች ልጅ ወሬ አልመጣም?»

ዳዊቱ ከእጇ አንድ ክንድ አይርቅም። ሩሀማ «ማየት ይቻላል?» ብላ እጇን ወደ እሱ ዘረጋች። ሰብሌ ቀደመቻትና መዳፏን ሽፋኑ ላይ ጫነች።

«አሮጌ ነው፤ ይቀደዳል» አለች።

በዚያች ቅጽበት በሆዷ ስንት ነገር ተመላለሰ! ወረቀቱን ብታወጣ ዮሴፍ ያያል። ዮሴፍ ካየ ኮሚቴው ይሰማል። ሩሀማ ደግሞ ስልኳን ይዛለች፤ ፎቶ አንስታ ብትለቀው ያያቷ ስም ባንድ ቀን አገር ያዳርሳል። ከዚያ ግሬደሩ። ከዚያ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ፣ ጎረምሳ አከራይ ፊት «አንድ ክፍል ቤት ይኖራል?» ማለት። አሁን አይሆንም፤ ቤቱ ይመዝገብና ከርሞ እነግራቸዋለሁ አለች በልቧ። ከርሞ!

«አልመጣም፣ ጋሽዬ» አለች።

ይህን ቃል ስንት ዓመት ብላዋለች፤ ሁሉንም ጊዜ ሳታውቅ ነበር። እያወቀች ያለችው የዛሬውን ብቻ ነው። ድምጿ እንኳ አልተለወጠም፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ጋሽ ውባየሁ እንደ ወትሯቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫኑና ዮሴፍ ያሳያቸው ቦታ ላይ አተሙ። ጣቱ የንብ ንድፊያ የለመደ፣ የተሰነጣጠቀ ነው፤ አሻራው በደንብ አልወጣ ብሎ ሦስት ጊዜ አስደገማቸው። ዮሴፍ ፎርሙን እፍ እፍ እያለ አደረቀና፣ በሩ ላይ ስለሚሰቀለው ሰሌዳ ማውራት ጀመረ። ጎብኚዎች ሲመጡ ከማንኪራው ማር ትንሽ ትንሽ ቢቀምሱ ጥሩ ነው አለ። «ማሩ ከቀረ ግን ታሪኩም ቀረ፣ እትዬ ሰብሌ። አደራ፣ ይንገሯቸው።»

ሰብሌ ሽማግሌውን እስከ ውጪው በር ሸኘቻቸው። ካፊያው ጀምሯል። ዮሴፍ ከበረንዳው ሆኖ ይጠብቃታል። ባዶውን ጀሪካን ለሩሀማ ስታቀብላት ልጅቷ ዓይን ዓይኗን አየቻት፤ ሰብሌ ቀድማ ዓይኗን ሰበረች። አንድ አፍታ ነበራት። «አዲስ ዓለም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው። የልጅቷ የትውልድ ስም እሳቸው ዘንድ አለ፣ የተላከችበት አገር እሷ ዘንድ አለ፤ ሁለቱ ቢገናኙ ያች ልጅ ከዘጠና ስድስት ዓመት በኋላ መገኛዋ ይታወቅ ነበር። ምላሷ ሌላ ነገር አወጣ።

«ጋሽዬ፣ ማሩን ግን እንዳያቋርጡ» አለች።

ካፏ ሲወጣ ሰማችው። የማን ደብዳቤ ቃል እንደሆነም አወቀች። የበሩን መቃን ያዘች፤ ልትመልሰው ግን አልቻለችም፣ ወይም አልፈለገችም፣ እሷና ፈጣሪ ይወቁት።

ጋሽ ውባየሁ ቆባቸውን አውልቀው እጅ ነሡ። «እንዴት እናቋርጣለን፣ እትዬ?» አሉ። «እኔ ባልኖርም ሩሀማ ታመጣለች። መንገዱን ዛሬ ያሳየኋት ለዚያ አይደል?»